«ምነው ዝም አሉ?»፦ ቴሌቪዥን ለማያይ ሰው ሲናገር

እታለም የእናቴ ታላቅ እህት ናት። ቴሌቪዥን ትወዳለች። ግላኮማ የዓይኗን ብርሃን ከወሰደባት ዓመታት አልፈዋል፤ ማታ ማታ ግን ከድራማዋ ፊት የሚያስነሳት የለም። ቦታዋ ከሶፋው ዳር፣ ለድምፁ የቀረበው ጥግ ነው። ሰዎቹ እስካወሩ ድረስ ችግር የለም። ማን እንደሆነ በድምፁ ትለየዋለች። እንዲያውም ከእኛ ቀድማ «ይሄማ ውሸቱን ነው» ትላለች። ችግሩ የሚመጣው ንግግሩ ቆሞ ሙዚቃው ብቻ ሲቀር ነው።

«ምነው ዝም አሉ?»

«ቆይ እታለም፣ እያየሁ ነው።»

«ገባ እንዴ? በሩ ሲከፈት ሰምቻለሁ።»

«አዎ ገብቷል። ስልክ አንስቶ እያየ ነው።»

«የማንን ስልክ?»

«የሚስቱን።»

«ውይ! መልእክቱን አገኘው? በል ንገረኝ እንጂ!»

እስክነግራት ድረስ ትዕይንቱ ያልፋል። እያየሁ ስለምናገር ሁልጊዜ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ነኝ። ለእሷ ስመልስ ደግሞ ቀጣዩን ንግግር እሸፍንባታለሁ። የእህቴ ልጅ ሲተካኝ ይሰለቸውና «ምንም አልሆነም» ይላታል። ይቺ «ምንም አልሆነም» የምትባል ነገር እታለምን በጣም ታናድዳታለች። ምንም ካልሆነ ሙዚቃው ለምን ይጮኻል?

በብዙ ቤት እንዲህ የሚጠይቅ ሰው አለ። በ2006 ይፋ በሆነው ብሔራዊ ጥናት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ እይታው የደከመ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይህን ለአገሪቱ ሕዝብ ስናሰላው ሚሊዮኖች ናቸው። ቤታቸው ቴሌቪዥን የለም ብሎ የሚያስብ ካለ ተሳስቷል። አለ፣ ይከፈታል፣ እነሱም ከፊቱ ይቀመጣሉ። የሚደርሳቸው ግን ግማሹ ነው።

እኔ ለእታለም እየተንተባተብኩ የምሠራውን ሥራ በሙያ የሚሠሩት ሰዎች አሉ። በእንግሊዝኛ ኦዲዮ ዲስክሪፕሽን ይሉታል፤ እኔ የድምፅ ገለጻ ልበለው። ጸሐፊው ፊልሙን ደጋግሞ ያያል። ሰው የማይናገርባቸውን ክፍተቶች በሰከንድ ይለካል። በዚያ ክፍተት ውስጥ የምትገባ አጭር ዓረፍተ ነገር ይጽፋል። ተራኪ ያነበዋል። ከዚያ ከፊልሙ ድምፅ ጋር ይቀላቀልና እንደ ሁለተኛ የድምፅ ምርጫ ይቀመጣል። የፈለገ ይከፍተዋል፤ ያልፈለገ መኖሩንም አያውቅም።

ሙያው አንድ ጥብቅ ደንብ አለው። ያየኸውን ተናገር፣ የገመትከውን ተወው። «ቀናች» አትበል፤ «ፎቶውን ገልብጣ አስቀመጠችው» በል። ቅናቱን አድማጩ ራሱ ይደርስበታል። የሚያየውስ ሰው የደረሰበት እንዲያው አይደል?

እዚህ ላይ ስለ አማርኛ አንድ ነገር ልበል። ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ቋንቋ ይመስለኛል። «ሰጠችው» የምትለዋን ቃል ውሰዱ። አራት ፊደል ናት። ሰጪዋ ሴት እንደሆነች፣ ተቀባዩ ወንድ እንደሆነ፣ ነገሩም እንዳለቀ ትናገራለች። እንግሊዝኛ ይህን ለማለት ሦስት አራት ቃል ያስወጣል። «እያየችው ወጣች» ስንል በሁለት ቃል ሁለት ሰው እና ሁለት ድርጊት አለ። ክፍተቱ ሁለት ሰከንድ ብቻ ሲሆን ይህ ትልቅ ሀብት ነው። በእርግጥ መሰናክልም አለው። ሁለት ሴቶች ፊት ለፊት ሲቀመጡ «ሰጠቻት» ብቻውን ማን ለማን እንደሰጠች አይናገርም፤ ስም መጥራት ግድ ይላል። «ተነሡ» ስንልም አንድ አዛውንት ይሁኑ ሦስት ወጣቶች አይታወቅም። ጎበዝ ጸሐፊ ግን ይህን ሁሉ ያልፈዋል።

የዚህ ሙያ አንዱ መነሻ ብዙ ሐበሻ ለሚኖርበት ሰፈር ቅርብ መሆኑን ሳውቅ ደነቀኝ። ማርጋሬት ፋንስቲል የምትባል ዓይነ ስውር ሴት በ1974 ሜትሮፖሊታን ዋሽንግተን ኢር የሚባል ድርጅት አቋቋመች። ሥራው ለማያዩ ሰዎች ጋዜጣና መጽሔት በሬዲዮ ማንበብ ነበር። መቀመጫው ደግሞ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ። ያገራችን ሰው እንጀራና ቡና ፍለጋ የሚሄድበት ያው ሲልቨር ስፕሪንግ ማለት ነው። በ1981 ዋሽንግተን ዲሲ ያለው አሬና ስቴጅ ቲያትር ዓይነ ስውራን ተመልካቾች ቲያትሩን እንዲከታተሉ ለማድረግ ሲነሳ ማርጋሬትና በኋላ ባሏ የሆነው ኮዲ ፋንስቲል መላውን አገኙለት። ተመልካቹ ትንሽ መቀበያ ይዞ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ይቀመጣል። ሌላ ሰው በማይክሮፎን መድረኩ ላይ የሚሆነውን በጸጥታው መሐል ሹክ ይለዋል። ሐሳቡን ቀደም ብሎ በ1970ዎቹ በማስተርስ ጽሑፉ ያነሳ ግሪጎሪ ፍሬዚየር የሚባል የሳን ፍራንሲስኮ ምሁርም አለ። ወደ ቴሌቪዥን በቋሚነት የገባው በ1990 ነው፤ ያስገባውም የቦስተኑ የሕዝብ ጣቢያ ደብሊው ጂ ቢ ኤች ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የሕግ ትግል ነው። የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ2000 ትልልቆቹ ጣቢያዎች ገለጻ እንዲያቀርቡ አዘዘ። በ2002 ፍርድ ቤት ትእዛዙን ሻረው፤ ኮሚሽኑ ይህን የማዘዝ ሥልጣን የለህም ተባለ። ከከሳሾቹ መሐል ከፊልም ኩባንያዎቹ ማኅበር ጎን አንድ ትልቅ የዓይነ ስውራን ፌዴሬሽን ነበር። ሰው ይህን ሲሰማ ግራ ይገባዋል። ዓይነ ስውራን ለዓይነ ስውራን የወጣን ደንብ ይከሳሉ? ምክንያት ነበራቸው። «ከድራማ ገለጻ በፊት በስክሪን ላይ ብቻ የሚጻፈው መረጃ ይነበብልን» ባዮች ናቸው። የጎርፍ ማስጠንቀቂያ፣ የስልክ ቁጥር፣ በግርጌ የሚያልፍ ጽሑፍ። ሌላው ማኅበር፣ የአሜሪካ ዓይነ ስውራን ምክር ቤት፣ ለገለጻው ቆሞ ታገለ። በመጨረሻ በ2010 ፕሬዚዳንት ኦባማ የፈረሙት ሕግ ሁለቱንም አካተተ። ከ2012 ጀምሮ ትልልቆቹ ጣቢያዎች በሦስት ወር 50 ሰዓት ገለጻ ያለው ፕሮግራም እንዲያቀርቡ ተገደዱ። በ2018 ወደ 87.5 ሰዓት አደገ። በግርጌ የሚያልፍ የአደጋ ማስጠንቀቂያም በድምፅ እንዲነገር ታዘዘ።

የእነዚያ ከሳሾች ሐሳብ እኛ አገር ሳመጣው ልክ ሆኖ ይታየኛል። አቅራቢው በፈገግታ «በስክሪናችሁ ላይ በምትመለከቱት ስልክ ቁጥር ደውሉልን» ይላል። ቁጥሩን አያነበውም። ማስታወቂያው «አድራሻችን ከታች ተቀምጧል» ብሎ ያልቃል። የምንዛሪ ሰንጠረዥ ሙዚቃ ብቻ ተለቆለት ያልፋል። በዜና ላይ አንድ አርሶ አደር በአፋን ኦሮሞ ወይም በሲዳምኛ ይናገራል፤ ትርጉሙ በአማርኛ ከታች ይጻፋል። ሰውዬው ምን እንዳለ እታለም አታውቅም። በዚያው ቀን ያው ዜና በሬዲዮ ሲቀርብ ግን ጋዜጠኛው በላዩ ተርጉሞ ያነበዋል። ማለትም ሥራው ይታወቃል፣ ባለሙያውም አለ። ቴሌቪዥን ላይ ሲሆን «ይታያል» ተብሎ ይቀራል።

ይህን ለማስተካከል አዲስ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም። ቁጥሩን ማንበብ ነው። ሁለት ጊዜ፣ ቀስ ብሎ። ጠቃሚነቱ ለዓይነ ስውር ብቻ አይደለም፤ ማንበብ የማይችሉ ስንት እናቶችና አባቶች አሉን። ወጥ ቤት ሆና የምታዳምጠውም አለች። የዜና ክፍል ኃላፊ የሆነ ሰው ይህን እያነበበ ከሆነ ከነገ ጠዋት ጀምሮ ሊያደርገው ይችላል። ይህን ስጽፍ ከልቤ ነው።

በነገራችን ላይ በአንዳንድ ጣቢያዎች ዜና ሲቀርብ በስክሪኑ ጥግ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ እናያለን። ትልቅ ነገር ነው፤ መስማት የተሳናቸው ወገኖቻችን ታግለው ያገኙት ነው። ለማያየው ሰው ግን ተመሳሳይ ነገር እስካሁን ተራው አልደረሰውም።

ሳያስበው የጠቀማቸው አንድ ነገር አለ፤ ትርጉም ድራማ። ቃና ቴሌቪዥን በ2016 ሲጀምር የቱርክን ጨምሮ የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ አቀረበ። ያኔ ብዙ የአገር ውስጥ ባለሙያዎች ሥራችንን ይገድለዋል ብለው ተቃወሙ፤ ስጋታቸው ይገባኛል። በዚያ ክርክር ውስጥ ስለ እታለም ያነሳ ሰው ግን አላስታውስም። ከዚያ በፊት የውጭ ፊልም ማለት ለእሷ የማይገባ ንግግር ነበር፤ ከታች ያለው ጽሑፍ ምኗ ነው? ገጸ ባሕርያቱ አማርኛ መናገር ሲጀምሩ በአንድ ቀን ተመልካች ሆነች። ዝምታው ላይ ያው ጥያቄ ቢቀርም፣ ንግግሩ የእሷ ሆነ።

ወደ ስትሪሚንግ፣ ማለትም ፊልምና ድራማ በኢንተርኔት ወደሚያሳዩት አገልግሎቶች ስንመጣ የሚገርም ታሪክ አለ። ኔትፍሊክስ በኤፕሪል 10፣ 2015 «ዴርዴቪል» የሚባል ተከታታይ ለቀቀ። ዋናው ጀግና ዓይነ ስውር ጠበቃ ነው። ዓይነ ስውራን ተመልካቾች ስለ ራሳቸው የሚናገር ጀግና ተገኘ ብለው ሲከፍቱት ገለጻ የለውም። ጩኸቱ ቀልጦ ነበር። ከአራት ቀን በኋላ ኩባንያው ገለጻ ጨመርኩ ብሎ አስታወቀ፤ ሌሎች የራሱን ሥራዎችም እንደሚያስከትል ተናገረ። በቀጣዩ ዓመት ከአሜሪካ ዓይነ ስውራን ምክር ቤት ጋር ስምምነት አደረገ። «ሁሉ» (Hulu) የሚባለው ሌላ የስትሪሚንግ አገልግሎትም በ2018 ተመሳሳይ ስምምነት ተፈራረመ። አፕል ቲቪ ፕላስ ደግሞ በ2019 ሲከፈት የራሱን ድራማዎች ከመጀመሪያው ቀን ከነገለጻቸው ነው ያቀረበው።

ይህ ሁሉ የመጣው በሕግ አይደለም። የአሜሪካው የገለጻ ሰዓት ግዴታ የጣቢያዎቹና የኬብሉ ነው፤ በኢንተርኔት ብቻ የሚያሰራጩትን አይነካም። ድርጅቶቹን ያንቀሳቀሳቸው ክስ፣ ድርድርና የደንበኛ ጩኸት ነው። እንግሊዝ ሌላ መንገድ ሄዳለች። በ2003ቱ ሕግ ጣቢያዎች ከፕሮግራማቸው 10 በመቶውን በገለጻ እንዲያቀርቡ አድርጋ ቆየች። በ2024 ባወጣችው የሚዲያ ሕግ ደግሞ ትልልቆቹን የስትሪሚንግ አገልግሎቶች እዚያው 10 በመቶ ላይ አሰለፈቻቸው። እኔ የእንግሊዙ ይሻላል ባይ ነኝ። በጩኸት የተገኘ ነገር ጩኸቱ ሲበርድ ይረሳል።

ውጭ አገር ያላችሁ፣ እናት አባት አስመጥታችሁ አብራችሁ የምትኖሩ፣ ይህ ለእናንተ ነው። ግላኮማ በጥቁር ሕዝቦች ላይ ይበረታል፤ ስለዚህ በየቤቱ ሊገጥም የሚችል ጉዳይ ነው። ሁለት ነገር አታምታቱ። አንደኛው ገለጻው ነው። ኔትፍሊክስ ላይ ፊልሙን ከፍታችሁ የድምፅና የሰብታይትል ምርጫ ውስጥ ስትገቡ ገለጻ ያለው ድምፅ ካለ ከቋንቋዎቹ ጋር ተዘርዝሮ ታገኙታላችሁ። ሁለተኛው ስክሪን ሪደር ነው፤ እሱ ሜኑውን የሚያነብ ነው። ሮኩ የሚባለው የቴሌቪዥን ማጫወቻ ላይ የኮከቧን ቁልፍ አራት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ስትጫኑ ይበራል። ፋየር ቲቪ ላይ የመመለሻውንና የሜኑውን ቁልፍ አንድ ላይ ይዛችሁ ሁለት ሰከንድ ትቆያላችሁ። አፕል ቲቪ ማጫወቻ ላይ በድምፅ የምትታዘዘውን ሲሪን «ቮይስኦቨር ክፈቺ» ማለት ይበቃል፤ ቮይስኦቨር የአፕል ስክሪን ሪደር ስም ነው። አዲስ ሳምሰንግና ኤልጂ ቴሌቪዥኖችም የራሳቸው ተናጋሪ ሜኑ አላቸው፤ ቅንብሩ ውስጥ ተደራሽነት በሚለው ሥር ነው። ቤት ያለ ሰው አንዴ ከፍቶ ካስለመዳቸው ይበቃል።

ገለጻው ግን በአማርኛ የለም። ሜኑውም እንዲሁ። ከጎንደር ወይም ከደሴ በሰባ ዓመታቸው ለሄዱ እናት ይህ ሌላ ግድግዳ ነው።

አዲስ አበባ ደግሞ ግድግዳው ሪሲቨሩ ነው። እታለም ሪሞቱን በእጇ ታውቀዋለች። አምስት ቁጥር ላይ ያለችውን ትንሽ እብጠት በአውራ ጣቷ ትዳስስና ሌላውን ከእሷ ትቆጥራለች። ጣቢያዎቿን በቁጥር ይዛቸዋለች። ሲበላሽባት ሰው ትጠራለች፤ የሪሲቨሩ ሜኑ ዲዳ ነውና። ጣቢያዎቻችን ወደ ኢትዮሳት የተዛወሩ ጊዜ ዲሽ የሚያዞረው ልጅ መጥቶ፣ ስካን አድርጎ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ። የጣቢያው ቅደም ተከተል ሁሉ ተለዋውጦ ነበር። ለእኛ የአምስት ደቂቃ ጉዳይ ነው፤ ሸምድዳ ለያዘችው ለእሷ ግን ቤቷ ገብተው ዕቃዋን በሙሉ ቦታ እንደቀያየሩባት ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ እየተናደደች ስትቆጥር አስታውሳለሁ።

ሜኑን በአማርኛ የሚያነብ ድምፅ መሥራት አይቻልም የሚል ካለ፣ ይቻላል። ማይክሮሶፍት መቅደስ እና አምሃ የተባሉ ሁለት የአማርኛ የኮምፒውተር ድምፆች አሉት። ኢስፒክ የሚባለው ነፃ ሶፍትዌርም አማርኛ ያነባል፤ ድምፁ የብረት ቢመስልም ያነባል። ለሜኑ ይበቃሉ። ለድራማ ገለጻ ግን የሰው ድምፅ ይሻላል። ገለጻ የምትሰማው ከተዋናዮች ጋር ጎን ለጎን ነው፤ ማሽን መሐላቸው ሲገባ ሥራው ይረበሻል። ደግሞስ ከእኛ በላይ የሬዲዮ ትረካ የሚችል ማን አለ? መጽሐፍ በትረካ እየሰማ ያደገ ትውልድ አለን። ኳስ በሬዲዮ የተከታተለ ሰው ጎሉ ሲገባ ያያል፤ ኳሷ ከየት ተነስታ በማን በኩል እንዳለፈች ይነገረዋላ። ቴሌቪዥን ላይ ያለው አስተላላፊ ግን «ኧረ! እዩት! እዩት!» ይልና ዝም ይላል። ጨዋታ ባለ ቀን እታለም ቴሌቪዥኑን እኛ እንድናይ ትታ ሬዲዮዋን ጆሮዋ ላይ የምትደግነው ለዚህ ነው።

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በ2010 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 30 ቴሌቪዥን፣ ፊልምና ቲያትር ለአካል ጉዳተኞች በሚመቻቸው መልክ እንዲቀርቡ ይላል። ስለዚህ ይህን የሚጠይቅ ሰው ቸርነት እየለመነ አይደለም። ደንቡ ተዘርዝሮ፣ ሰዓት ተቆርጦለት እስኪወጣ ግን መጠበቅ ያለብን አይመስለኝም። የአማርኛ ድራማና ፊልም ዛሬ በብዛት የሚታየው በዩትዩብ ነው፤ እዚህም፣ ዱባይም፣ ዲሲም። ዩትዩብ ከ2023 ጀምሮ በአንድ ቪዲዮ ላይ ከአንድ በላይ የድምፅ ትራክ መጫን ፈቅዷል። ይህ ያልተከፈተለት ቻናል ደግሞ ያንኑ ክፍል ገለጻውን ጨምሮ ለብቻው መጫን ይችላል። ርእሱ ላይ «ገለጻ ያለው» ቢል እንደ እታለም ያለ ሰው ያለበት ቤት ያገኘዋል።

ባለፈው ወር ራሴ ሞከርኩት። እታለም ከምትከታተለው ድራማ አንዱን ክፍል ወሰድኩ። ጸጥታዎቹን ቆጥሬ ጻፍኩ፣ በስልኬ ቀዳሁ፣ ከድራማው ጋር አንድ ላይ አጫወትኩላት። ሠላሳ ደቂቃ ለማትሞላ ክፍል ሁለት ማታ ፈጅቶብኛል፤ የለመደ ሰው በግማሹ ይጨርሰዋል። አንድ ቦታ «በጣም አዝና ተቀመጠች» ብዬ ነበር። አስቆመችኝ።

«ማዘኗን በምን አወቅህ?»

«ፊቷ ያስታውቃል።»

«ፊቷ ምን ሆነ?»

መልሼ አየሁት። ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠግታ፣ መሬት መሬት እያየች ነበር። እሱን ቀየርኩት። እታለም ደንቡን ያነበበችው የትም አይደለም።

ያኔ የገባኝ ሌላም ነገር አለ። ይህ ጽሑፍ ለካ ቀድሞም ተጽፎ ነበር። የድራማው ደራሲ ስክሪፕቱ ላይ ከንግግሩ በላይ «ነጠላዋን ወደ አፏ ታስጠጋለች» ብሎ ለተዋናይዋ የጻፈው አለ። «ስልኩን ያነሳል፣ መልእክቱን ያነባል፣ መልሶ ያስቀምጠዋል» የሚል አለ። ቀረጻው ሲያልቅ ያ ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ፕሮዲውሰሮች ያንን ወረቀት አውጥተው ከክፍተቶቹ ልክ አሳጥረው፣ የድምፅ ባለሙያው እዚያው ድምፅ በሚቀላቅልበት ቀን አንድ ተራኪ ቢያስገቡ፣ የአንድ ክፍል ገለጻ የአንድ ቀን ሥራ ነው። እኔ የሠራሁላትን እታለም ሦስት ጊዜ አዳምጣዋለች። ቀጣዩን ክፍል እየጻፍኩ ነው፤ አሥራ አንድ ክፍል ይቀረኛል።